ከጅማ ወደ ተራራ የአንድ ቀን ጉዞ፦ ከመመለሻ ሰዓቱ ተነሥተው ያቅዱ

ሰው ደውሎ «ለቅዳሜ መኪናህ ነፃ ናት?» ሲለኝ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የሚሄደው ስንት ሰው ነው? ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ወይም ሕፃን የታቀፈች እናት አለች? ማታ ስንት ሰዓት ቤታችሁ መግባት አለባችሁ? «ወዴት ነው የምትሄዱት?» የምለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዳንዱ «ይህ ሰው ሥራ አይፈልግም እንዴ?» ብሎ ይቆጣል።

እኔ ጅማ ውስጥ በኮንትራት ሚኒባስ የምነዳ ሹፌር ነኝ። ሠርገኛ ይሳፈራል፣ ለቀስተኛ ይሳፈራል፣ ልጁን ሊያስመርቅ የመጣ ቤተሰብ ይሳፈራል፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ «ቡናን በዛፉ ላይ አሳየኝ» የሚል እንግዳም ይሳፈራል። ሁሉም የቦታ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። በጅማ ዙሪያ ግን የሚያምር ቦታ ለማግኘት ችግር የለም፤ ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ዙሪያዋን ኮረብታ ከቧታል። በየትኛውም በር ቢወጡ ብዙም ሳይርቁ ዳገት ይጀምራል። ችግሩ ሰዓት ነው። ስለዚህ ጉዞዎን ከመነሻው ሳይሆን ከመመለሻው ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩት።

ወደ ኋላ መቁጠር

ጅማ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 12 ሰዓት ተኩል ወዲያና ወዲህ ነው። እኔ በገጠር መንገድ ላይ ጨለማ እንዲያገኘኝ አልፈልግም፤ ከብት ከግጦሽ የሚመለሰው፣ ገበያተኛው በመንገዱ ዳር ተሰልፎ የሚሄደው፣ መብራት የሌለው ጋሪ የሚወጣው በዚያች ሰዓት ነው። ስለዚህ የከተማው መግቢያ ላይ 11 ሰዓት ተኩል መድረስ ይኖርብኛል። ቦታው የአንድ ሰዓት መንገድ ከሆነ 10 ሰዓት ላይ መነሣት አለብን ማለት ነው፤ ቀሪዋ ግማሽ ሰዓት «አንድ ፎቶ ብቻ» ለሚሉ ሰዎች የምተዋት ናት። ምሳ ከ7 ሰዓት አያልፍም። ታዲያ ተራራው መቼ ይታይ? ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት።

ይህን የምለው ሹፌር ችኩል ስለሆነ አይደለም። በእኛ አካባቢ ጠዋት ጠርቶ የዋለ ሰማይ ከቀትር በኋላ ይከደናል። ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ተዳፋቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፤ በዝናብ ወራት 8 ሰዓት ሳይሞላ ያወርደዋል። እዚህ ዝናቡ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና የተሻለ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ቡናው መቅላት ጀምሯል፣ ጭቃውም እየደረቀ ነው።

ስለዚህ መነሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። «አንድ ሰዓት ተኩል ይሁን» የሚሉኝን እሺ እላለሁ፤ ግን በስማቸው አንጻር «ደመና» ብዬ እጽፋለሁ።

ዴዶ፣ ጠዋት ለሚነሣ ሰው

ተራራ ለሚል ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ዴዶ ነው። ከጅማ ወደ ደቡብ ወጥቶ ወደ ጭዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የወረዳው ዋና ከተማ ሸኪ ከጅማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው ብለው አይናቁት፤ አብዛኛው ዳገት ነው። ከፍ ባሉ ቁጥር ቡናው እየሳሳ እንሰቱ፣ ገብሱና ድንቹ ይተካል። 100 ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ጅማ ላይ በሸሚዝ የተነሣ ሰው ሸኪ ላይ የመኪናዬን የወንበር ልብስ ገፎ ሊለብስ ይቃጣዋል። ጋቢ ወይም ሹራብ ይያዙ፤ ለሕፃን ሁለት።

ከሸኪ አልፎ መሬቱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ መውረድ የሚጀምርበት ጫፍ አለ። እዚያ ጋ መኪናዬን ከመንገዱ አውጥቼ አቆማለሁ። ጠዋት ሸለቆው በጉም ይሞላል፤ መጀመሪያ የሚታየው ነጭ ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት አካባቢ ጉሙ ከመሐሉ ይሰነጠቅና ከታች አንድ የሣር ቤት ጣሪያ ከነጭሱ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ የእርሻ ድንበር፣ ቀጥሎ ማዶ ያለው ተራራ ትከሻ። ይህን ለማየት ሰው ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ መቆም አለበት። ወርዶ ሁለት ፎቶ አንሥቶ «እንሂድ» የሚል ሰው ነጩን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ለልጆች የምነግራት አንዲት ነገር አለችኝ። ዴዶ ወገብ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁለት መንገድ ይይዛል፤ በሰሜን በኩል የወደቀው ወደ ግልገል ጊቤ፣ በደቡብ በኩል የወደቀው ወደ ጎጀብ ይወርዳል። ሁለቱም ግን በየፊናቸው ዞረው ኦሞ ወንዝ ውስጥ ይገናኛሉ፣ ከዚያም ቱርካና ሐይቅ ይገባሉ። ልጆቹ ከያዙት ውሃ ግማሹን በዚህ፣ ግማሹን በዚያ ያፈሱና «ማን ይቀድማል?» ብለው ይወራረዳሉ። እኔ ምራቄን ውጬ አያለሁ፤ የመጠጥ ውሃችን ነው የሚፈሰው።

የእግር ጉዞ የሚፈልግ ካለ የመንደሩን ልጅ ይዞ በእርሻ ድንበር ላይ ለሁለት ሰዓት መሄድ በቂ ነው። ዋጋውን ሲነሡ ይነጋገሩ። ሰላምታ ይቅደም፤ ጠዋት «አካም ቡልተን» ብሎ የጀመረ እንግዳና መስኮት ዝቅ አድርጎ «መንገዱ የት ነው?» ያለ እንግዳ እኩል አይስተናገዱም። እርሻ ላይ ያለ ሰው ፎቶ ከማንሣት በፊት ይጠይቁ፤ በተለይ ሴቶችን። ማሳ አቋርጠው አይሂዱ። በቡቃያ ላይ የቆመ ጫማ የአንድ ቤተሰብ ምሳ እየረገጠ ነው።

በለጠ፣ ዳገት ለማይሆንለት ሰው

አያት ወይም ሕፃን ካለ፣ ወይም ቤተሰቡ መኪና ውስጥ የሚያጥወለውለው ሰው ካለው፣ ወደ በለጠ ደን እወስዳለሁ። መንገዱ ወደ ቦንጋ የሚሄደው አስፋልት ነው፤ ሰቃን አልፎ ወደ ሸቤ ሲሄዱ ከጅማ 40 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ደኑ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይቆማል። መኪናው ሲገባበት ብርሃኑ ይለወጣል፣ አየሩ ይበርዳል፣ ሬዲዮው ይንጫጫል። እኔ ሬዲዮውን አጠፋለሁ።

ጉሬዛ ማየት ለሚፈልግ የጠዋት ሰዓት የግድ ነው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠዋት ዛፍ አናት ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጥቁርና ነጭ ፀጉራቸው ከሩቅ ይታያል፣ ጭራቸው ወደ ታች ተዘርግቶ ይንጠለጠላል። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፤ ቅርንጫፍ ሲይዝ በአራት ጣቱ ቆልምሞ ነው። ቅጠል በል እንስሳ ስለሆነ ሙዝና ብስኩት አይስጡት። መንገድ ዳር ለሚቀመጡት ዝንጀሮዎችም ቢሆን አይወርውሩ። አስፋልት ላይ ምግብ የለመደ ዝንጀሮ መጨረሻው ከጎማ ሥር ነው፤ እኔ ስንቱን አይቻለሁ።

ደኑ ውስጥ ያለው ቡና የማንም እንዳይመስልዎ። ዛፉ ሥር ቀጭንና ረዥም ሆኖ፣ ጥላ ስለበዛበት ፍሬው ተራርቆ የሚታየው ቡና ባለቤት አለው። በደኑ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች «ዋቡብ» በሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተደራጅተዋል፣ የየራሳቸውን ክልል ያውቃሉ፣ ከለቀማ በፊት ሥሩን ይመነጥራሉ። አንድ ፍሬ ቀጥፎ ጣፋጩን ቅርፊት መምጠጥ ማንም አይከለክልዎትም፤ ኪስ መሙላት ግን ሌብነት ነው። ከእነርሱ አንዱን አስጎብኚ አድርገው ይያዙ፤ ገንዘቡ ደኑን ለሚጠብቀው ሰው ይደርሳል፣ እርስዎም መንገድ አይጠፋዎትም። ቀረሮውን ከዋንዛው፣ ዋንዛውን ከብሳናው የሚለይልዎት እርሱ ነው። ለእኔ ሁሉም ዛፍ ናቸው።

ቀና ካሉ ከከፍተኛ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ቀፎ ያያሉ። ማር ለመግዛት የሚፈልግ ከዚሁ አካባቢ አናቢ ይግዛ፤ ገተም የሚባለው ዛፍ ያበበበት ወቅት ማር ነጭ ነው፣ የብሳናው ጠቆር ይላል። ነጭ ማር ሁሉ ስኳር የገባበት ነው ብለው ከሻጩ ጋር አይጣሉ። ዕቃ ግን ከቤት ይዘው ይሂዱ፤ በላስቲክ የታሰረ ማር ወንበሬ ላይ የፈሰሰበት ቀን አይረሳኝም።

የካቲት ወይም መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ቡናው በአንድ ላይ ነጭ አበባ ያወጣል። የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ይህን ለማየት የፈለገ ቀን ቆርጦ ሊይዝ አይችልም፤ ስልክ ቁጥሩን ይተውልኛል፣ አበባው ሲፈነዳ እደውላለሁ።

ለግማሽ ቀን፣ ለሙሉ ቀን፣ ለጨለማ

ከቀትር በፊት ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ጅሬን ይበቃዋል። ከከተማው ብዙም አይርቅም፣ ባጃጅም ይወጣል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው፤ የእንጨት ቤተ መንግሥታቸው ኮረብታው ላይ ነው፣ ከደጁ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ማየት ይቻላል። ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ከአንድ ቀን በፊት ያጣሩ። ጫማ የሚያወልቁበት ቦታ ሊኖር ስለሚችል ካልሲዎ የተቀደደ አይሁን፤ ይህን የምለው ለወንዶች ነው።

ወደ ሰሜን ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አጋሮ፣ ከዚያም ወደ ጮጬ መሄድ የቡና ታሪክ ለሚወድ ሰው ነው። ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚያ፣ ቃታ ሙዱጋ በሚባለው ቦታ ነው ይላሉ። ቦንጋዎች ደግሞ የከፋው ማኪራ ነው ይላሉ፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ቦንጋ ነው ያለው። መኪናዬ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ሰው ከተሳፈረ እኔ መንገዱን ብቻ አያለሁ።

የም የሚባለው አካባቢ ለብርቱዎች ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ሰኮሩን አልፎ ሳጃ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ፎፋ ተራራ ይወጣል። ቦር ተራራ ላይ በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን የየም ሰዎች «ሳሞ ኤታ» ብለው የባህል መድኃኒት ይለቅማሉ፤ ሥሩን፣ ቅጠሉን፣ ልጡን። በዚያ ቀን መሄድ የፈለገ ከጅማ 11 ሰዓት ሌሊት መነሣት አለበት፣ ሽማግሌና ሕፃን ይቅሩ። በሌላ ቀን ከሆነ በመንገዱ ላይ የግልገል ጊቤን ሐይቅ ለማየት ቆም ይላሉ፤ የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው።

ቦንጋን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ መንገዱም አስፋልት ነው። ነገር ግን እዚያ ደርሰው የሚያዩት ጥቂት ነው፣ ሲመለሱ ይመሻል። ቦንጋ የአንድ ሌሊት ማረፊያ ይገባዋል። ኮንታ ያለው ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በአንድ ቀን ይሁን ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ሌላ ሹፌር ይፈልጉ።

አንድ ቡድን መጥቶ በአንድ ቀን ጅሬንን፣ በለጠን፣ ዴዶንና አጋሮን አሳየን ብሎኝ ነበር። አራቱ በአራት አቅጣጫ ናቸው። ከየመንገዱ ወደ ከተማው እየተመለስን መውጣት ስለነበረብን ቀኑን ሙሉ ያየነው መርካቶ አካባቢ ያለውን መጨናነቅ ነው። የእኔ ደንብ አንድ ዋና ቦታ፣ አንድ ምሳ፣ በመንገድ ላይ አንድ ማለፊያ ነው። ማለፊያው በመመለሻው መስመር ላይ ካልሆነ ይሰረዝ። ለምሳሌ ከዴዶ ቀደም ብለን ከተመለስን ከከተማው ጫፍ ቦዬ ረግረግ ላይ ወፎቹን አይተን እንገባለን።

ኮንትራቱን በቃል አይተዉት

የኮንትራት ጠብ ሁሉ ከአምስት ነገር ይመጣል፦ ነዳጅ በማን ነው፣ ሹፌሩ ምሳውን ማን ይከፍልለታል፣ መኪናው ስንት ሰዓት ይቆማል፣ ከታሰበው ቦታ ውጭ ተጨማሪ መንገድ ቢገባ ሒሳቡ እንዴት ነው፣ መኪናው ቢበላሽ ቀብዱ ይመለሳል ወይ? አምስቱንም በስልክ መልእክት ጽፈው ይላኩ፣ ሹፌሩም «እሺ» ብሎ ይመልስ። ይህ ለእኔም ይጠቅመኛል።

ነዳጅ በተሳፋሪው ከሆነ ሂሳቡን ራስዎ ይሥሩት። ደርሶ መልስ 100 ኪሎ ሜትር የሆነ ጉዞ ላይ ለመንደር ውስጥ መዞሪያ 20 ኪሎ ሜትር ይጨምሩበት። የእኔ መኪና ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ስለዚህ 15 ሊትር ነው። 30 ሊትር የሚልዎት ሹፌር ካለ ወይ መኪናው ታሟል ወይ እርሱ። ነዳጁ ከዋዜማው ማታ ይሞላ፤ ጠዋት ማደያ ላይ ወረፋ ካለ ጉሙም ጉሬዛውም አይጠብቅዎትም።

መኪናውን ከመያዝዎ በፊት ማየት አያሳፍርም። ቦሎው የዘንድሮ ነው? ሊብሬና የሦስተኛ ወገን መድን አለ? ስኮርታ ጎማው ነፋስ አለው? ክሪኩ ይሠራል? ጎማው ጥርስ አለው? እኔን ይህን የጠየቀኝ ሰው አያስቀይመኝም፤ ሳይጠይቁኝ ልጆቻቸውን የሚያሳፍሩ ሰዎች ናቸው የሚያስገርሙኝ። ከሸኪ ያለፈ የመንደር መንገድ መግባት ከፈለጉ፣ በተለይ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ሚኒባስ ትተው ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ይከራዩ።

ሹፌሩን ደግሞ ቁልቁለት ላይ ይለዩታል። ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» እንላለን። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ የወጣ ሰው ሲወርድም በሁለተኛ ይዞ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው አድርጎ፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ እያደረገ ነው የሚወርደው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፈትቶ የሚንሸራተት ካዩ «አስገባ» ይበሉት፣ አይፈሩት። የተቃጠለ ነገር ሽታ ከመጣ ፍሬኑ ግሏል ማለት ነው፤ ሜዳ ላይ ቆሞ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ጉም ውስጥ ረዥሙ መብራት መልሶ ዓይን ስለሚያሳውር አጭሩን ያብራ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዋዜማው ማታ መናኸሪያ ሄደው ከዚያ መስመር የገቡ ሹፌሮችን ይጠይቁ። ከእነርሱ የቀረበ ወሬ የለም። «ነገ አትሂድ» ካሉኝ አልሄድም፣ ቀብድ እመልሳለሁ።

ለየሰዉ ማስተካከል

ሽማግሌ ካለ ጋቢና ይቀመጥ፤ ወጣቱ ፎቶ ለማንሣት ብሎ አይሻማው። በመኪና የሚታመም ሰው ከጎማው ላይ ሳይሆን ከፊት ይቀመጥ፣ ስልኩን አይመልከት፣ ጠዋት ወተትና ቅባት አይብላ፤ ሎሚ ወይም ዝንጅብል ይያዝ። አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ያድርግ።

አርብ ከሆነ የጁምዓ ሶላት ሰዓት ከግምት ይግባ፤ ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በገጠሩም በከተማውም አስጎብኚ፣ ሻይ ቤት፣ ሹፌር ሁሉ መስጊድ ነው። ረቡዕና አርብ የሚጾም ሰው ካለ ምግቡን ከቤት ቢይዝ ይሻለዋል፤ በመንገድ ያሉ ምግብ ቤቶች ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያቀርቡት ሥጋ ነው። በረመዳን ቀን ደግሞ ምሳን ትተን ጉዞውን አሳጥረን ለማፍጠሪያ ቤት እንገባለን።

ስለ ምሳ ካነሣሁ አይቀር፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሚጥሚጣና ቆሎ ይዞ ሜዳ ላይ መብላት ከምግብ ቤት ይሻላል። ቡናውን ግን ከቤት አይያዙ። የመንደሯ እናት በእሳቷ ላይ ቆልታ ታፍላልዎ፤ ሦስተኛው እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ አውቀው በሰዓትዎ ውስጥ ያስገቡት። ቡናው ተቆልቶ ሳለ ሰዓት ማየት ነውር ነው። የከፈሉት ገንዘብ ለእጇ እንጂ ለልጇ አይሰጥ።

ጫት ለመቃም የሚወጣ ቡድን ሲደውልልኝ በግልጽ እናገራለሁ። ተቀምጠው ይቃሙ፣ እኔ አልከለክልም፤ ግን እንደተቀመጡ ይመሻል፣ ስለዚህ ከጅሬን አላልፍም። እኔ መሪ ይዤ አልቅምም፤ ይህን ለሌላ ሹፌርም ይጠይቁ።

እጅ ከሚያስታጥብ ጀሪካን ውሃ፣ ከሽንት ቤት ወረቀት፣ ከትርፍ ካልሲና ከአንድ ባዶ ማዳበሪያ ጆንያ በቀር ሌላ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ጆንያው ለቆሻሻ ነው። የበሉበትን ላስቲክ ሜዳ ላይ የሚጥል ሰው ካለ መኪናዬ አትነሣም፤ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ራሳቸው ያስለቅሙታል።

ሒሳቡን ከተማ ከመግባታችሁ በፊት፣ መጨረሻ ሻይ የምንጠጣበት ቦታ ላይ ይዝጉት። ሁሉም ሰው እያለ መዋጮው ይሰብሰብ። ሰዉ በየሰፈሩ መውረድ ከጀመረ በኋላ «የእገሌ ድርሻ» እየተባለ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ የሚደወለው ስልክ ነው ሰውን የሚያጣላው። ሲያወርዱ መጀመሪያ ሕፃን የያዘችው እናት ትውረድ፣ ቀጥሎ ሽማግሌው፤ ወጣቶቹ የፈለጉበት ጥግ ላይ ቢወርዱም በእግራቸው ይገባሉ።